የሞግዚቷ ሞግዚት

በቋንቋችን «ሞግዚት» የሚለው ስም ሁለት ዓይነት ሰው ይጠራበታል። በሕግ አነጋገር ሞግዚት ማለት ወላጆቹን ላጣ ሕፃን ጥቅምና ንብረት ተጠሪ ሆኖ የሚቆም ሰው ነው። በቤት አነጋገር ደግሞ አባትና እናት ለሥራ በወጡ ጊዜ ሕፃኑን የምታጥበው፥ የምታበላው፥ ሲያለቅስም አዝላ የምታባብለው ሴት ሞግዚት ትባላለች። አንዱ ስም ለሁለቱ የተሰጠው ያለ ነገር አይመስለንም፤ ሁለቱም ለራሱ መቆም ስለማይችል ሰው የሚቆሙ ናቸውና። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የፈለግነው ጥያቄ ይህ ነው፤ ልጃችንን የምትጠብቅልን ሞግዚት በሥራዋ ላይ ሳለች ወድቃ ብትሰበር፥ ስለ እርሷ የሚቆም ማን ነው?

ነገሩ እኛንም የነካን ስለሆነ ከቤታችን ጀምረን እንናገራለን። እኛ ባልና ሚስት በአሜሪካ አገር በዋሽንግተን ከተማ አጠገብ፥ በሜሪላንድ ግዛት በሲልቨር ስፕሪንግ እንኖራለን። በዚህ አካባቢ የአገራችን ተወላጆች በብዛት ይገኛሉ፤ ስለዚህ እሑድ በቅዳሴ ጎን ለጎን የቆሙ ምእመናን ሰኞ ማለዳ አንዱ አሠሪ ሌላው ሠራተኛ ሆነው መገናኘታቸው የተለመደ ነው። ልጃችን ስድስት ወር በሞላው ጊዜ አንዲት በዕድሜ የሚበልጡን ወይዘሮ በሞግዚትነት ቀጠርን። እኛ «እትዬ» እንላቸዋለን፤ እርሳቸውም «ልጆቼ» ይሉናል። እትዬ በደብረ ብርሃን ያሉትን አሮጊት እናታቸውንና በትምህርት ላይ የሚገኙ ሁለት ልጆቻቸውን የሚረዱት በዚሁ በቤታችን ደመወዝ ነው።

እንዲህ ባለ ቤት የመድንን ወይም በተለምዶ የኢንሹራንስን ነገር ማንሣት ለብዙዎች እንግዳ ይሆንባቸዋል። «እኛ እኮ ቤተ ሰብ ነን፤ በእናትና በልጅ መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል?» ይባላል። ቃሉ ከፍቅር የወጣ መሆኑን አንክድም። ዳሩ ግን በቃል ብቻ የቆመ ቤተ ሰብነት ከሆስፒታሉ በር አልፎ እንደማይሄድ በዓይናችን ያየንበት ጊዜ አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምናውቀው ቤት የምትሠራ አንዲት ሞግዚት በጥር ብርድ፥ በረዶ በጋገረበት ደረጃ ላይ አዳልጧት ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። አሠሪዎቿ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ አለቀሱ፥ እየተመላለሱ ጠየቋት፥ አጥሚት አፍልተው ወሰዱላት። ነገር ግን የሆስፒታሉ ሒሳብ በአሥር ሺሕ የሚቆጠር ዶላር ሆኖ በመጣ ጊዜ እነርሱም የሚከፍሉት አልነበራቸውም፤ የቤታቸውም ኢንሹራንስ የሠራተኛን ጉዳት አይመለከተኝም አለ።

ከዚህ በኋላ ከቅዳሴ ሲወጣ በአዳራሽ መዋጮ ተለመነላት። ምእመናንም እንደ አቅማቸው ሰጡ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። መዋጮው ግን ከዕዳው ጥቂቱን ብቻ አቃለለ። ከሁሉ ይልቅ እኛን ያሳዘነን፥ ያች ሴት ያን ያህል ዘመን በላቧ ሠርታ ስታበቃ ስሟ በሕዝብ ፊት ከእርዳታ ፈላጊዎች ጋር መነበቡ ነው። መብቷ ሊሆን የሚገባው ነገር ምጽዋት ሆነባት።

በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 አንድ አጭር ሥርዓት ይገኛል። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከለያ እንዲያቆም ታዟል፤ መከለያ ሳያቆም ቀርቶ ሰው ቢወድቅ ግን የወደቀው ሰው ደም ቤቱን ይጠይቀዋል። በዚያ አገር የቤቱ ጣራ ደልዳላ ስለነበረ ሰዎች ይወጡበትና ያርፉበት፥ እህልም ያሰጡበት ነበር። ይህን ሥርዓት ስንመረምር ሁለት ነገር እናስተውላለን። አንደኛው፥ መከለያው የሚቆመው ሰው ከመውደቁ በፊት መሆኑ ነው፤ ከወደቀ በኋላ የሚቆም መከለያ ለወደቀው አይጠቅመውም። ሁለተኛው፥ ትእዛዙ የቤቱ ባለቤት ደግ ይሁን ክፉ አለመጠየቁ ነው፤ የሚጠይቀው ባለቤት መሆኑን ብቻ ነው። ሰውን ወደ ጣራህ ካወጣኸው መከለያው ዕዳህ ነው ማለት ነው።

የሠራተኛ የጉዳት ካሣ መድን የሚባለው ነገር በዘመናችን ቤት ላይ የሚቆም መከለያ ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው። አሠሪው በየዓመቱ ለአንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ አረቦን ይከፍላል። ሠራተኛው በሥራው ላይ ጉዳት ሲያገኘው ኩባንያው የሕክምናውን ወጪ ይችላል፤ መሥራት ባልቻለበት ጊዜም ከሳምንት ደመወዙ ከሦስት እጅ ሁለቱን እጅ ይሰጠዋል። ለምሳሌ በሳምንት 750 ዶላር የምታገኝ ሞግዚት 500 ዶላር ይደርሳታል፤ በዚህም ገንዘብ ላይ የፌዴራል መንግሥት የገቢ ግብር አይታሰብም። ጉዳቱ ለዘለቄታው አካል ያጎደለ እንደሆነ ተጨማሪ ካሣ አለ፤ ሞት ያስከተለ እንደሆነም በሟቹ ይረዱ ለነበሩ ቤተ ሰቦቹ ይከፈላል። ካሣውን ለማግኘት የአሠሪውን ጥፋት ማስረዳት አያስፈልግም፤ በዚህም ልዋጭ ሠራተኛው አሠሪውን በፍርድ ቤት ከመክሰስ ይቆጠባል። እንግዲህ ይህ መድን ክስን የሚያመጣ ሳይሆን ክስን የሚያስቀር ነው።

ሥርዓቱ በቀላሉ የተገኘ አይደለም። ቀድሞ የተጎዳ ሠራተኛ ካሣ ለማግኘት ከአሠሪው ጋር ተሟግቶ ጥፋቱን ማስረዳት ነበረበት፤ ድኻ ከባለጸጋ ተሟግቶ ሲረታ ማየት ደግሞ ብርቅ ነው። ጀርመን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1884 የሠራተኞች የአደጋ መድን ሕግ አወጣች። በአሜሪካ በ1911 በኒውዮርክ በአንድ የልብስ ፋብሪካ እሳት ተነሥቶ 146 ሰዎች አለቁ፤ የሚበዙትም ከኢጣሊያና ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ ስደተኞች ወጣት ሴቶች ነበሩ። በዚያው ዓመት የዊስኮንሲን ግዛት ጸንቶ የቆየውን የመጀመሪያ የጉዳት ካሣ ሕግ አወጣ፤ ሌሎቹም እየተከተሉ በ1948 ሚሲሲፒ የመጨረሻዋ ሆነች።

ዳሩ ግን ሕግ አውጪዎቹ ፋብሪካውን ሲያስቡ ጓዳውን ረሱት። በ1935 የወጣው የጡረታ ሕግና በ1938 የወጣው የደመወዝና የሥራ ሰዓት ሕግ የቤት ሠራተኞችን ወደ ውጭ ተዋቸው፤ በዚያ ጊዜ በዚህ ሥራ ይተዳደሩ ከነበሩትም ብዙዎቹ ጥቁር ሴቶች ነበሩ። ወደ ጡረታው የገቡት በ1951፥ በዝቅተኛው የደመወዝ ልክ የተጠቀሙት ደግሞ በ1974 ነው። የጉዳት ካሣው ሕግ ግን የየግዛቱ ስለሆነ የቤት ሠራተኛን ነገር እስከ ዛሬ በአንድ ቃል አይናገርም።

ለዚህም ከደጃችን የራቀ ምሳሌ አያስፈልገንም። በዋሽንግተን ከተማ የቤት ሠራተኛን በአንድ ሩብ ዓመት 240 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ የሚያሠራ ቤት መድኑን እንዲገዛ ይገደዳል፤ ይህም በሳምንት ወደ አሥራ ስምንት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። በሜሪላንድ ልኩ የሚታየው በሰዓት ሳይሆን በሩብ ዓመቱ በሚከፈለው ደመወዝ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ የምትሠራ ሞግዚትም ይህን ልክ በጥቂት ሳምንታት ታልፈዋለች። በቨርጂኒያ ግን ሕጉ የቤት ሠራተኞችን ከግዴታው ውጭ አድርጓቸዋል፤ አሠሪው ቢወድ ይገዛል፥ ባይወድ ይተዋል። እንግዲህ አንዲት ሞግዚት በሲልቨር ስፕሪንግ ብትወድቅ ሕጉ ያነሣታል፤ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግራ በአሌክሳንድርያ ብትወድቅ ግን የሚያነሣት የአሠሪዋ ኅሊና ብቻ ነው። ወንዙ ሕጉን ከሁለት ከፈለው እንጂ የአጥንትን ሕመም አልከፈለውም።

መድኑን ለመግዛት ለሚያስቡ ቤተ ሰቦች እኛ የሄድንበትን መንገድ እንገልጻለን። በመጀመሪያ አሠሪ ሆኖ መመዝገብና ከፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት የአሠሪነት ቁጥር ማውጣት ያስፈልጋል። አረቦኑ የሚታሰበው በደመወዙ ልክ ስለሆነ፥ ደመወዙ በግልጽ የሚከፈልና በመዝገብ የሚጻፍ መሆን አለበት። አንዳንዶች «ሞግዚቷ በራሷ የምትሠራ ናት፥ እኛ አሠሪ አይደለንም» ይላሉ፤ ነገር ግን የምትመጣበትን ሰዓትና የሥራዋን አኳኋን የምንወስንላት እኛ ከሆንን፥ ሕግ እኛን አሠሪ እርሷን ሠራተኛ ይላል።

ቀጥሎ የቤታችንን ኢንሹራንስ የያዘውን ኩባንያ መጠየቅ ይገባል። የቤት ኢንሹራንስ እንግዳ ቢወድቅ የሚከፍል መሆኑን አይተው ለሞግዚትም የሚከፍል የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የጉዳት ካሣ መድን ሊገዛለት የሚገባውን ሠራተኛ በግልጽ ያስወጣል። አንዳንዱ ኩባንያ የሠራተኛውን መድን ለብቻው ይሸጣል፤ ብዙዎቹ ግን ለአንድ ሠራተኛ ብሎ መዋዋሉን ስለማይወዱት እንቢ ይላሉ። እንዲህ በሆነ ጊዜ ተስፋ መቁረጥ አይገባም። በሜሪላንድ በ1914 በግዛቱ ሕግ የተቋቋመውና ዛሬ ቼሳፒክ ኢምፕሎየርስ የሚባለው ድርጅት ሌሎች ያልተቀበሉትን አሠሪ ይቀበላል። የሚጠየቀውም ብዙ አይደለም፤ የአሠሪው ቁጥር፥ የቤቱ አድራሻ፥ የሥራው ዓይነትና በዓመት ይከፈላል ተብሎ የሚገመተው ደመወዝ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ኩባንያው የተከፈለውን ደመወዝ ከግምቱ ጋር አስተያይቶ ሒሳቡን ያስተካክላል። በእኛ ቤት የዓመቱ አረቦን ከእትዬ የአንድ ሳምንት ደመወዝ ብዙም አልራቀም። ይህንም ገንዘብ ከሠራተኛ ደመወዝ መቁረጥ ክልክል ነው።

የመኖሪያ ወረቀት የሌላት ሞግዚት በዚህ መድን አትጠቀምም የሚል ወሬ በመካከላችን ሲነገር እንሰማለን። ነገሩ እንዲህ አይደለም። የሜሪላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2005፥ የዋሽንግተን ከተማ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደግሞ በ2010 በወሰኑት ውሳኔ፥ ወረቀት የሌለው ሠራተኛም በሥራ ላይ ለደረሰበት ጉዳት ካሣ ከማግኘት አልተከለከለም።

ወረቀቱን ይዘን በቀረብን ጊዜ የመጀመሪያው ተቃውሞ የመጣው ከራሳቸው ከእትዬ ነበር። ፊታቸው ጠቆረና «ልጆቼ፥ እናንተን እንድከስ ነው የምታዘጋጁኝ? ወይስ ከእንግዲህ እንደ ባዕድ ልታዩኝ ነው?» አሉ። ብዙ ጊዜ ያልተማረ ሰው ብቻ ወረቀትን የሚፈራ ይመስለናል፤ የእርሳቸው ፍርሃት ግን ከማወቅ የመጣ ነበር። በቀደሙት ቤቶች ሲሠሩ ፈርሙ የተባሉት ወረቀት ሁሉ ለአሠሪው የሚጠቅም እንጂ ለእርሳቸው የሚጠቅም ሆኖ አላገኙትም። እኛም ቡና ተፈልቶ ሳለ ውሉን ከራሱ እስከ ግርጌው በአማርኛ እየተረጎምን አነበብንላቸው። ጥቂት ካሰቡ በኋላ «ታዲያ ይኼ ዕድር ነው በሉኛ! ዕድር የሚከፈለው ሰው ሳይሞት ነው» አሉ። እኛ በብዙ ቃል ለማስረዳት የደከምንበትን ነገር እርሳቸው በአንድ ቃል ጨረሱት።

በተከተለው ዓመት በየካቲት ወር እትዬ የልብስ ቅርጫት ይዘው ወደ ምድር ቤት ሲወርዱ እግራቸው ስቶ ከደረጃው ወደቁ፤ የቀኝ እጃቸው አንጓም ተሰበረ። እግዚአብሔር ይመስገን፥ ሕፃኑ በአልጋው ተኝቶ ነበር። ስልክ ደውለውልን ከሥራ በረን መጣንና ወደ ሆስፒታል ወሰድናቸው። የሆስፒታሉ ጸሐፊ ጉዳቱ የት እንደደረሰ በጠየቀች ጊዜ፥ እትዬ በአማርኛ ቀስ ብለው «በቤቴ ወደቅሁ ልበላት፤ በእናንተ ላይ ጣጣ አይምጣባችሁ» አሉን።

አንባቢ ሆይ፥ በዚያ ሕመም ውስጥ ሆነው ያሰቡት ስለ እኛ ነበር። ይሁን እንጂ ያ ቃል ቢመዘገብ ኖሮ መድኑ ባልተከፈለ፥ ሕክምናውም የእርሳቸው ዕዳ በሆነ ነበር። ብዙ ሞግዚቶች መብታቸውን የሚያጡት አሠሪ ስለ ነፈጋቸው ብቻ ሳይሆን፥ እንዲህ ስለ ፍቅርና ስለ ይሉኝታ ብለው ራሳቸው ስለሚተዉትም ነው። እኛም «እትዬ፥ ስለ እኛ ብለው ሐሰት አይናገሩ፤ የወደቁት በእኛ ቤት ነው፥ ቤቱም ይመልስ» አልናቸው። እውነቱን ተናገሩ፤ ጸሐፊዋም ጻፈችው።

በዚያው ዕለት ለኩባንያው አስታወቅን። በሜሪላንድ ሠራተኛው ጉዳቱን ለአሠሪው በ10 ቀን ውስጥ ማስታወቅ ይገባዋል፤ አሠሪውም ከ3 ቀን በላይ ከሥራ የሚያስቀር ጉዳት መድረሱን ሲሰማ በ10 ቀን ውስጥ ሪፖርት ማድረግ አለበት። የሆስፒታሉ ሒሳብ ወደ እትዬ ቤት አልመጣም። ሰባት ሳምንት ከሥራ ሲቀሩ ከደመወዛቸው ከሦስት እጅ ሁለቱ እጅ ሲከፈላቸው ቆየ። የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት እንደ ሕጉ የማይከፈልባቸው ቢሆኑም፥ ከሥራ የቀሩበት ጊዜ ከ14 ቀን በላይ ስለሆነ እነርሱም ታሰቡላቸው። የጎደለውን አንዱን እጅ እኛ ሞላን፤ ሕጉ የድርሻውን በተወጣ ጊዜ ለፍቅር የሚቀረው ሸክም አቅማችን የሚችለው ሆኖ አገኘነው። ወደ ደብረ ብርሃን የሚላከው ገንዘብ አንድ ወር እንኳ አልተቋረጠም። ምእመናንም ሊጠይቋቸው መጡ፤ ነገር ግን የመጡት ድፎ ዳቦ ይዘው እንጂ የመዋጮ ዝርዝር ይዘው አልነበረም።

መድን አጥንትን እንደ ቀድሞው አያደርግም። የእትዬ ቀኝ እጅ ዛሬም ከባድ ነገር አያነሣም፤ ለዚህም የጉዳት ካሣው ጉባኤ መርምሮ የወሰነላቸውን መጠነኛ ካሣ ተቀብለዋል። ሕፃኑን ያነሡበት እጅ ነውና ዋጋው በገንዘብ ይተመናል ብለን አንደፍርም። ዳሩ ግን በስብራታቸው ላይ ዕዳና ኀፍረት አልተጨመረባቸውም።

በቨርጂኒያ የምትኖረው እኅታችን ይህን ሁሉ ከሰማች በኋላ «እኔን እኮ ሕጉ አላስገደደኝም» አለችን። እውነቷን ነው፤ አላስገደዳትም። ነገር ግን ያስገደደውንና የሚገባውን ለይቶ ማየት የክርስቲያን ፈንታ ነው። በአገራችንም ቢሆን ነገሩ እንዲሁ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2601፥ ከአሠሪው ጋር የሚኖር የቤት ሠራተኛ በማደሪያው፥ በምግቡ፥ በሥራውና በዕረፍቱ፥ እንዲሁም በጸሎቱ ጊዜ ረገድ ጤናውና መልካም ጠባዩ እንዲጠበቅ አሠሪው ተገቢውን ሁሉ ያደርግ ዘንድ ያዛል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ግን የቤት አገልግሎትን በራሱ ውስጥ ሳያስገባ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ተወው። ስለዚህ በአዲስ አበባም በአሌክሳንድርያም ያለው ባለቤት መከለያውን ያቆም ዘንድ በመጀመሪያ የሚጠይቀው የራሱ ኅሊና ነው።

የተወደዳችሁ አንባብያን፥ በቤታችሁ የሌላ ሰው እጅ ልጃችሁን የሚያሳድግ እንደሆነ፥ «እንደ ቤተ ሰብ ናት» ከማለታችሁ ጋር አንድ ነገር ጨምሩ። በዚህ ሳምንት የምትኖሩበት ግዛት ሕግ ምን እንደሚል ጠይቁ፤ የቤታችሁን ኢንሹራንስ ውል አውጥታችሁ ስለ ሠራተኛ የሚናገረውን ክፍል አንብቡ፤ ያነበባችሁትንም ለሞግዚታችሁ በሚገባት ቋንቋ ተርጉሙላት። ብትወድቅ በማን ቤት እንደወደቀች ሳትፈራ እንድትናገር አስቀድማችሁ ንገሯት። ይህ ከፍቅር የሚያንስ ሥራ አይደለም፤ ፍቅር አስቀድሞ ሲያስብ የሚሠራው ሥራ ነው። ቸሩ አምላካችን የሚያሳድጉትን እጆች ሁሉ ከስብራት ይጠብቅልን፤ እኛንም ስለ እነርሱ የምንቆም ያድርገን። አሜን።